የዘፋኙ ሐቅ በእጃችሁ ነው

ስሙኝ፤ የምናገረው ለሙገሳ አይደለም። ሙገሳው በዝቷል። ጋሽ ማህሙድ አህመድ በ2017 ዓ.ም.፣ በ83 ዓመታቸው፣ አዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥተው ሕዝባቸውን ሲሰናበቱ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተነግሯል። እኔን ያስጨነቀኝ በማግስቱ የመጣው ነው። በማግስቱ ያ ምሽት በየሰዉ ስልክ ገብቶ አደረ። የሚንቀጠቀጥ ምስል፣ ከፊት በቆመ ሰው ትከሻ የተጋረደ መድረክ፣ ከዘፋኙ ድምፅ የሚቀርጸው ሰው ጩኸት ጎልቶ የሚሰማበት ቅጂ። እያንዳንዱ የየራሱን ቆርሶ ወሰደ፤ ወስዶም በየገጹ ለጠፈ፤ ለጥፎም "አከበርናቸው" አለ።

አላከበራችሁም፤ ወሰዳችሁ። ይህን የምለው ስለ አንድ ምሽት አይደለም። ካሴት ከገባ ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ዕዳ አለብን፤ ዕዳው እስካሁን አልተከፈለም፤ አበዳሪዎቻችን ደግሞ ሸምግለዋል፣ ብዙዎቹም አልፈዋል።

በእኛ ባህል ሰው ሲሰናበት ሒሳብ ይተሳሰባል። ሩቅ አገር የሚሄደው፣ የታመመው፣ የሸመገለው ጎረቤቱን ሰብስቦ "ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ" ይላል። የሰማውም "አንተም ይቅር በለን" ሳይል አይነሣም። ዘፋኝ ሲሰናበተን ግን እኛ ያወቅነው ቃል "ይደገም!" የሚለውን ብቻ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ስንጠይቀው ኖረን በመጨረሻዋም ሌሊት እንጠይቀዋለን። ይቅርታ የሚጠይቀው ማን ነው?

የማንን ሐቅ እንደበላችሁ እወቁት። ጋሽ ማህሙድ የመርካቶ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ሊስትሮ ሠርተዋል። ከዚያ አሪዞና ክለብ በጉልበት ሥራ ተቀጠሩ፤ ክለቡ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚያመሹበት ነበር። በ1962 (እዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር ልዝፈን ብለው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከመድረክ አልወረዱም። "ኧረ መላ መላ"ን በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲቀርጹት አገሩ በሰዓት እላፊ ተይዞ ነበር። ያ ሥራ በ1986 አውሮፓ ውስጥ በሸክላ ሲታተም፣ የውጭ ሰው ሽፋኑ ላይ የዘፋኙን ስም አነበበ፤ ዋጋውን ከፍሎም ወሰደ። በ2007 ደግሞ ቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማቱን ሰጣቸው። እኛ ቤት ያው ዘፈን ምን ላይ ነበር? ከጎረቤት ተውሰን በባለ ሁለት ካሴት ቴፕ በቀዳነው ካሴት ላይ። ሽፋን የለው፤ የገጣሚው ስም፣ የዜማ ደራሲው ስም፣ ሳክስፎን የነፋው ሰው ስም የለበት፤ በቢክ እስክሪብቶ "ማህሙድ" ተብሎ ተጽፎበታል፤ በቃ።

እሳቸውም ፒያሳ ላይ ሙዚቃ ቤት ከፍተው ነበር። ካሴት የሸጠ ሰው ደንበኛ አንድ ኦሪጅናል ገዝቶ ሲወጣ ከኋላው ስንት ቅጂ እንደሚከተል ያውቃል። እስቲ አስቡት፤ የገዛ ድምፁን መደርደሪያ ላይ ደርድሮ የተቀመጠ ሰው በር ላይ የሚያልፈው ታክሲ ያንኑ ድምፅ ከተቀዳ ካሴት ሲያሰማው።

"ድሃ ነበርን፤ ኦሪጅናል መግዣ ከየት እናምጣ?" የምትሉ አላችሁ። የድሃውን አላወራም። አንዲት ካሴት አጥቶ ከወዳጁ የቀዳውን ሰው ሕጉም አይከሰውም፤ ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ይፈቅዳል። የማወራው ቀድቶ ስለሸጠው ነው። ቪዲዮ ቤት ከፍቶ የሰው ኮንሰርት በሰዓት ሒሳብ ስላሳየው ነው። ዛሬም በየሰፈሩ ኮምፒዩተር ዘርግቶ የአርባ ዓመት ሥራ በሻይ ዋጋ ፍላሽ ላይ ስለሚጭነው፣ ቆሞም ስለሚያስጭነው ነው። ሕግ አልነበረም እንዳትሉ፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰትና የኪነ ጥበብን ባለቤትነት ጽፎ አስቀምጧል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከዋኙን ራሱን፣ ማለት የዘፈነውን የተጫወተውን ሰው፣ ባለመብት አድርጎታል፤ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀውም ደነገገ። ከዚያ በኋላ ተሻሽሎ የሮያሊቲ አሰባሰብ ተጨምሮበታል። አዋጁን ያነበበ አንድ የፍላሽ ጫኝ አሳዩኝ። ያስነበበውንም አንድ ሹም አሳዩኝ።

ሌላም አለ፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። "ዘፈን ራሱ ኃጢአት ነው፤ የዘፈን ስርቆት ምን ሊሆን?" የሚል ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዘፈን ኃጢአት ነው አይደለም የሚለው ክርክር የካህናትና የሼኾች ነው፤ ለእነሱ እተወዋለሁ። አንተ ግን የምትሰርቀው ከዘፈን አይደለም፤ ከሰው ነው። "አትስረቅ" የሚለው ትእዛዝ ከዘፋኝ በቀር ብሎ አልወረደም። የሰካራም ኪስ የገባ ሌባ ሰካራምነቱ አያጸድቀውም። ዘፈኑን የምትጸየፍ ከሆነ አትስማው፤ የምትሰማው ከሆነ ዋጋውን ክፈል። ሰምተህ፣ ጨፍረህበት፣ ሠርግህን አድምቀህበት ስታበቃ የሠራተኛውን ደሞዝ በሃይማኖት ስም ማስቀረት ድርብ በደል ነው፤ የሰውንም የአምላክንም ስም አብረህ አጎደፍክ።

ሙሉቀን መለሠን አስታውሱ። ያን የመሰለ ድምፅ ይዘው፣ ገና ሳያረጁ፣ ስለ እምነታቸው ሲሉ ዓለማዊውን መድረክ ትተው ወጡ፤ በ2016 ዓ.ም. በሰው አገር አረፉ። እሳቸው ዘፈኑን ሲተዉ እኛ መቅዳቱን አልተውንም።

አሁን ስለ ቪዲዮው ልናገር፤ ነገሩ እዚያ ነውና የሚብሰው። የማውቀው አንድ ቤት ውስጥ፣ ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ አንድ የቪዲዮ ካሴት ተቀምጧል። ጎኑ ላይ ሦስት ጽሑፍ ተደራርቧል። የላይኛው "ክርስትና" ይላል፤ ተሰርዟል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ የአንድ ስመ ጥር ዘፋኝ ስምና "የሽኝት ኮንሰርት" የሚል ተጽፏል፤ እሱም ተሰርዟል። ሦስተኛው "ዋንጫ" ነው። እንዳይቀዳበት ተብላ የምትሰበረዋ የጠርዙ ፕላስቲክ ተሰብራ ነበር፤ ይቀመጥ ያለ አስተዋይ ሰው በዚያ ቤት ነበረ ማለት ነው። ሌላው መጥቶ ቀዳዳዋ ላይ ፕላስተር ለጥፎ እንደገና ቀዳበት።

ዴክ ተፈልጎ ሲታይ መጀመሪያ መስመር መስመር ይሠራል፣ ከዚያ ይጠራል። አዳራሽ ነው። ጠረጴዛው ላይ የአምቦ ውኃ ጠርሙስና የፕላስቲክ አበባ አለ። ሳክስፎን ተጫዋቹ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። ዘፋኙ ነጭ ኮት ለብሰዋል፤ የመጨረሻውን ልዘፍንላችሁ ነው ይላሉ። ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊት ከጥግ ተነሥተው እያዘገሙ ወደ መድረኩ ይመጣሉ፤ ዘፋኙ ሲያዩዋቸው መጥተው ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ይንበረከካሉ፤ ሴትዮዋ እንዲደርሱበት ግንባራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አሮጊቷ አሥር ብር ግንባራቸው ላይ ለጠፉ፤ በዚያው እጃቸው ፊታቸውን ዳበሱ። ዘፋኙ ተነሡ። ማይክሮፎኑን ጠጋ አደረጉ። አየር ሳቡ። አረንጓዴ ሜዳ መጣ፤ የኳስ ጨዋታ ነው፤ እስከ ካሴቱ መጨረሻ ኳስ ነው።

"ያኔ ባዶ ካሴት አጥተን ነው" አሉኝ ባለቤቱ። ዘፋኙ ዛሬ በሕይወት የሉም። የዚያን ምሽት ሌላ ቅጂ አለኝ የሚል ሰው አላገኘሁም።

ይህን ያደረገው ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ዘፋኙን የሚወድ፣ ሲሞቱ ያለቀሰ፣ ዛሬም ስማቸው ሲነሣ ዓይኑ እንባ የሚያቀርር ሰው ነው። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ግን እጁን አላዘዘውም። እኛም ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ልባችን ይወዳል፣ እጃችን ያጠፋል፤ ስንጠየቅ የልባችንን እንጂ የእጃችንን አንናገርም።

በባሕር ማዶ ያላችሁም አትዝናኑ። ዋልያስ ባንድ ጋሽ ማህሙድንና ጌታቸው ካሳን ይዞ እንደ አውሮፓውያን በ1980ዎቹ መባቻ አሜሪካ ከዞረበት ጊዜ ጀምሮ በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስ፣ በየዓመቱ በኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በዓል ሰሞን ስንት የኮንሰርት ምሽት አሳልፋችኋል? ያኔ ካሜራ እናንተ ጋ ነበር። አገር ቤት ያለው ባላገኘው መሣሪያ ቀርጻችኋል፤ ለእናት ለአባታችሁም በሻንጣ ልካችኋል። እዚህ ሲደርስ ብዙው አልሠራም፤ የአሜሪካው አቀራረጽ ኤንቲኤስሲ፣ የእኛው ቴሌቪዥን ፓል ነውና ምስሉ ይገላበጣል፣ ቀለሙ ይጠፋል። እናቶቻችን ግን አልጣሉትም፤ በዳንቴል ሸፍነው አስቀመጡት። የእናንተው ዋናው የት አለ? ቤት ስትቀይሩ ምድር ቤት ተረስቶ ቀርቷል፣ ጋራዥ ውስጥ እርጥበት በልቶታል። ልጆቻችሁ ምንነቱን አያውቁትም፤ እናንተ አርፋችሁ ቤቱ ሲጸዳ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው።

ካሴት እንደ መጽሐፍ የሚቆይ የሚመስላችሁ ተሳስታችኋል። ከ13 ሚሊ ሜትር በማይሰፋ የፕላስቲክ ክር ላይ በሙጫ የተያዘ ስስ የብረት ዱቄት ነው፤ ድምፁም ምስሉም ያለው ዱቄቱ ላይ ነው። ሙጫው እርጥበት ይጠጣል፣ ይላላል፣ ይጣበቃል፤ ሲጫወት ዱቄቱ እየተላጠ ይወርዳል። የወረደው አይመለስም። ማጫወቻውም እየጠፋ ነው፤ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዴክ መሥራቱን አቁሟል። እንግዲህ "አንድ ቀን አወጣዋለሁ" የምትሉት አንድ ቀን እያለቀ ነው።

ለቅሷችንም ቢሆን ይመርመር። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፉ አገር ተናወጠ። መስቀል አደባባይ ሞላ፤ ሥላሴ ካቴድራል ሞላ። ከዚያ በፊት በስኳር በሽታ እግራቸውን አጥተው በተሽከርካሪ ወንበር በተቀመጡባቸው ዓመታት ያ ሁሉ ሰው የት ነበር? አስናቀች ወርቁ፣ ክራር በእጃቸው የሚናገርላቸው እኚያ ሴት፣ የመጨረሻ ዓመታቸውን አልጋ ላይ ነው ያሳለፉት። የጠየቋቸው ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የእሳቸውን ክራር ካሴት እየሰማ ያደገው ሕዝብ ግን በር ላይ ቢሰለፍ ሰልፉ ከተማውን በዞረ ነበር። አልተሰለፍንም። ዘፋኝ ታሞ "ሕዝቡ ይርዳኝ" ሲል በቴሌቪዥን እናያለን፤ እናዝናለን፤ ያለንን እንወረውራለን፤ ራሳችንንም ደግ አድርገን እንቆጥራለን። አይደለም። ያ ሰው የሚለምናችሁ የእናንተን አይደለም፤ የራሱን ነው። ቀድታችሁ ያስቀራችሁበትን ገንዘብ ከፊሉን መልሳችሁ "ምጽዋት" አላችሁት።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ሽማግሌ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ሲሰናበት ፊት ማየት ይፈልጋል። ስድሳ ዓመት ሲዘፍንለት የኖረው ፊት ነውና። እናንተ ግን ስልክ ከፍ አድርጋችሁ ፊታችሁን ሸሸጋችሁበት። ያየው ብርሃን ነው፤ ዓይን አላየም። የቀረጻችሁትን ስንት ጊዜ መልሳችሁ አያችሁት? መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ውስጥ፣ ከሺህ ፎቶ ሥር ተቀብሯል፤ ስልኩ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ከእናንተ መካከል ያንን ምሽት በቀጥታ እያሰራጨ ስጦታ የለቀመ ካለ፣ በዩቲዩብ ጭኖ የማስታወቂያ ገንዘብ የሚያገኝ ካለ፣ ለእሱ የምለው ሌላ ነው፤ የቆመበት ከቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው። መሣሪያው ብቻ ተለወጠ።

የኮንሰርት አዘጋጆች ሆይ፣ እናንተም አታመልጡም። ለመብራት፣ ለድምፅ፣ ለጥበቃ ውል ትጽፋላችሁ። የቀረጻው ባለመብት ማን እንደሆነ፣ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ፣ ከሽያጩ ለዘፋኙ፣ ለገጣሚው፣ ለዜማ ደራሲው፣ ለባንዱ ምን እንደሚደርስ የምትጽፉ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አፍ ለአፍ ተስማምታችሁ፣ በወንድማማች ደንብ ተጨባብጣችሁ፣ ዓመት ሳይሞላ ጠበቃ ፍለጋ የምትሄዱት ለምንድን ነው? የቴሌቪዥን ጣቢያዎችስ? ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከጀመረ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ በዚያ ዘመን ሁሉ የተሠራው የሙዚቃ ቀረጻ የአገር ሀብት ነው። ጣቢያ ሁሉ በዓል በመጣ ቁጥር የድሮ ዘፈን አውጥቶ ሰዓት ይሞላበታል። የሞላችሁበትን ሰዓት ማስታወቂያ ሸጣችሁበታል። ለባለቤቱ ምን ደረሰው?

ስለዚህ ንስሐ ግቡ እላለሁ። ንስሐ ስል እንባ ማለቴ አይደለም፤ እንባ አላነሰንም። ዘኬዎስ ቀራጩ ክርስቶስ ቤቱ በገባ ቀን ደረቱን አልደቃም፤ ቆሞ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። የእስልምና ሊቃውንትም የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ተውባው የሚሞላው ሐቁን ለባለቤቱ ሲመልስ ወይም ባለቤቱ ይቅር ሲለው እንደሆነ ያስተምራሉ። በሁለቱም ቤት መንገዱ አንድ ነው፤ የበላኸውን ትመልሳለህ፣ ወይም ፊት ለፊት ሄደህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ተደብቀህ ብቻህን የምትጨርሰው ጉዳይ አይደለም። ባለቤቱን ማግኘት አለብህ፤ ባለቤቱ ደግሞ ሸምግሏል። ጋሽ ማህሙድ ሲሰናበቱ የሰጡን ትልቁ ነገር ይኼ ይመስለኛል፤ ገና በሕይወት ሳሉ ተሰናበቱን። ብዙዎቹ ይህን ዕድል አልሰጡንም። ብዙነሽ በቀለ አልሰጠችንም፤ ሳትሰናበተን አጣናት። ከሞት በፊት የሚደረግ ስንብት ለባለዕዳ የተሰጠ ጊዜ ነው፤ ጊዜውን በቪዲዮ ማየት አትጨርሱት።

ቡፌያችሁን ክፈቱ። የአልጋ ሥር ሳጥኑን አውጡ። ካሴቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ዴክ ውስጥ አትክተቱት፤ ክሩም ይበጠሳል፣ ሻጋታውም በዴኩ አልፎ ወደ ሌላው ካሴት ይጋባል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያጽዳው። ከተጻፈበት ነገር አንዱንም አትሰርዙ፣ የተሰረዘውንም አትፋቁ፤ ቀኑና ቦታው ትዝ የሚላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ በወረቀት ጻፉ፤ ኪቦርድ ማን እንደተጫወተ፣ ከበሮ ማን እንደመታ የሚያስታውስ አጎት ካላችሁ ሳይረሳ ጠይቁት። ዲጂታል አስደርጋችሁ ስታበቁ መጀመሪያ ወደ ኢንተርኔት አትሩጡ፤ መጀመሪያ ለዘፋኙ ደውሉ። ካረፉ ለልጆቻቸው ደውሉ። ቁጥሩን ካጣችሁ በኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ማኅበር በኩል ጠይቁ። ይህ የእናንተ ነው፤ እኛ ዘንድ ቆይቶ ነው በሏቸው፤ ምን እንደሚደረግበት እነሱ ይዘዙ። ከፈቀዱ አንድ ቅጂ ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ ስጡ። ሸጣችሁበት ከነበረም ያገኛችሁትን ገምታችሁ፣ ገንዘቡን ይዛችሁ፣ ሽማግሌ ጨምራችሁ በራቸው ድረስ ሂዱ።